ዋም!፦ ስለ 80ዎቹ የእንግሊዝ ፖፕ ቡድን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹና ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈው ዓ.ም. የሚል ምልክት አለው።

ዋም! እነማን ናቸው?

ጆርጅ ማይክል እና አንድሩ ሪጅሊ። ሁለቱም በ1963 የተወለዱ ናቸው። የጆርጅ ትክክለኛ ስሙ ዮርጎስ ኪሪያኮስ ፓናዮቱ ነው። አባቱ ከቆጵሮስ የመጣ ግሪካዊ የምግብ ቤት ባለቤት፣ እናቱ እንግሊዛዊት ነበረች። የአንድሩ አባት ደግሞ ከግብፅ የመጣ ነው። በ1975 ጆርጅ ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው ቡሺ ከተማ፣ ቡሺ ሚድስ በሚባል ትምህርት ቤት አዲስ ተማሪ ሆኖ ገባ። መምህር «ይህን ልጅ ማን ያለማምደው?» ሲል እጁን ያወጣው አንድሩ ነበር። ጆርጅ በዚያን ጊዜ ወፍራም፣ መነጽር ያደረገ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። አንድሩ በአለባበሱም በአነጋገሩም ደፋር። የቡድኑ ታሪክ በሙሉ ከዚህ አቀማመጥ ይነሣል።

በ1979 የአንድሩን ወንድም ፖልን ጨምረው «ዘ ኤግዘኪዩቲቭ» የተባለ የስካ (ከጃማይካ የመጣ የጭፈራ ሙዚቃ) ባንድ አቋቋሙ፤ ብዙ ሳይቆይ ተበተነ። በ1981 ሁለቱ ብቻቸውን ዋም!ን መሠረቱ።

ውል ያገኙት እንዴት ነው?

በተከራዩት ባለ አራት ትራክ መቅጃ፣ በአንድሩ ወላጆች ሳሎን ውስጥ በቀዱት ናሙና። በዚያ ካሴት ላይ «ዋም ራፕ»፣ «ክለብ ትሮፒካና» እና «ኬርለስ ዊስፐር» ነበሩ፤ ዘፈኖቹ ግን ሙሉ አልነበሩም። ካሴቱን ይዘው የአሳታሚዎችን በር አንኳኩ፣ አብዛኛው መለሳቸው። በመጨረሻ በ1982 ኢነርቪዥን የተባለ ትንሽ ድርጅት አስፈረማቸው። ድርጅቱን ያቋቋመው ማርክ ዲን የተባለ ወጣት ሲሆን ሥራውን የሚያካሂደው በትልቁ የሙዚቃ አሳታሚ በሲቢኤስ ገንዘብና የስርጭት መረብ ነበር። ከሦስት ዘፈኖች ሁለቱ ኋላ ዓለም ያወቃቸው ሆኑ ማለት ነው፤ ያኔ ግን ፈራሚዎቹ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልዘለቁ ልጆች ነበሩ፣ የሚያማክራቸውም ማናጀር አልነበራቸውም።

የኢነርቪዥን ውል ምን ነበረው? ለምንስ ፍርድ ቤት ደረሱ?

የቡድኑን ሕይወት የሚያብራራው ይህ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ለፊርማው ለእያንዳንዳቸው 500 ፓውንድ ተሰጣቸው። ያም ስጦታ ሳይሆን ወደፊት ከሚመጣ ገቢ ላይ የሚቆረጥ ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ሁለተኛ፣ ከባለ 12 ኢንች ነጠላ ሸክላ ሽያጭ የሮያሊቲ (ከሽያጭ ለአርቲስቱ የሚከፈል) ድርሻ አልነበራቸውም። ይህ ነጥብ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ80ዎቹ መጀመሪያ የጭፈራ ሙዚቃ ገዢ የሚፈልገው በትክክል ያንን ሸክላ ነበር፤ ረጅሙ ቅንብር ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ዲጄዎችም የሚያጫውቱት እሱን ነው። ዋም! ደግሞ የጭፈራ ቡድን ነው። ስለዚህ በጣም የሚሸጠው ዕቃቸው ለእነሱ ምንም አያስገባም ነበር። ሦስተኛ፣ ኢነርቪዥን ራሱ ከሲቢኤስ ጋር ያለው ውል ጠባብ ስለነበረ፣ ዲን የተሻለ ልክፈል ቢል እንኳ ከየት አምጥቶ? ችግሩን በአንድ ሰው ክፋት ብቻ የሚተርኩ ጽሑፎች ይህን ይዘሉታል።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ፦ በ1983 መጨረሻ አራት ዘፈኖች እስከ አሥር ባለው ደረጃ ውስጥ ገብተው፣ «ፋንታስቲክ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው በእንግሊዝ አንደኛ ወጥቶ፣ እነሱ ግን ኪሳቸው ባዶ ነበር። የሳይመን ኔፒየር-ቤልና የጃዝ ሰመርስ ማናጀርነት የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ጠበቆቻቸው ውሉ ፈርሷል ብለው ደብዳቤ ጻፉ፤ ኢነርቪዥን ለሌላ እንዳይቀዱ የሚያግድ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ጠየቀ። ክርክሩ ሳያልቅ አሳታሚው ከአልበሙ ላይ የተገጣጠመ «ክለብ ፋንታስቲክ ሜጋሚክስ» የሚል ሸክላ አወጣ። ቡድኑ አትግዙ ብሎ በይፋ ተቃወመ፤ ሸክላው 15ኛ ላይ ቆመ። በ1984 መጀመሪያ በስምምነት ተለያዩና ዋም! የሲቢኤስ አካል ወደሆነው ኤፒክ ተዛወረ። በ1983 ጁላይና በ1984 ሜይ መካከል አዲስ ዘፈን ያልሰማነው ለዚህ ነው፤ ሐሳብ አልቆባቸው አልነበረም።

የመጀመሪያው ዘፈን ወድቆ ሁለተኛው እንዴት ተነሣ?

«ዋም ራፕ» በ1982 በጁን ወጥቶ እስከ 100 ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ እንኳ አልገባም። ሁለተኛው «ያንግ ገንስ» በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ 42ኛ ደርሶ ቆመ። ያኔ ቢቢሲ በየሳምንቱ የሚያቀርበው «ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» በመደበኛነት የሚጋብዘው እስከ 40 ያሉትን ነበር፤ በኖቬምበር ሌላ ተጋባዥ ሲቀርበት በመጨረሻ ሰዓት ዋም! ተጠራ። በጥንቃቄ የተለማመዱትን የቡድን ጭፈራ አቀረቡ፣ ዘፈኑም 3ኛ ደረሰ። «ዋም ራፕ» በ1983 መጀመሪያ በድጋሚ ወጥቶ 8ኛ ሆነ፤ «ባድ ቦይስ» 2ኛ፣ «ክለብ ትሮፒካና» 4ኛ። የመጨረሻው ክሊፕ የተቀረጸው በኢቢዛ ደሴት፣ ፓይክስ ሆቴል ነው።

አንድሩ ሪጅሊ በእርግጥ ምን ይሠራ ነበር?

«ጊታር ይዞ ከመቆም ሌላ ምንም» የሚለው መልስ የተለመደ ነው፤ የተለመደ መሆኑ ግን እውነት አያደርገውም። አንድሩ በ«ዋም ራፕ»፣ በ«ክለብ ትሮፒካና» እና በ«ኬርለስ ዊስፐር» ድርሰት ላይ ስሙ አለ። የ«ኬርለስ ዊስፐር» የጊታር ኮርዶች የእሱ ናቸው፤ ጆርጅ በ17 ዓመቱ ገደማ ወደ ዲጄነት ሥራው በአውቶቡስ ሲሄድ ያወጣው ዜማ በእነዚያ ኮርዶች ላይ ነው ዘፈን የሆነው። «ዌክ ሚ አፕ ቢፎር ዩ ጎ-ጎ» የሚለውም ርዕስ የተገኘው አንድሩ ለእናቱ ጽፎ ከተወው የቀስቅሺኝ ማስታወሻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የቡድኑን መልክ መስጠቱ ነው። ባንድ ይቋቋም ብሎ የገፋው፣ አለባበሱን የመረጠው፣ መድረክ ላይ መዝናናትን ለጆርጅ ያስተማረው እሱ ነው። ጆርጅ ራሱን እንደ መልከ ጥፉ ልጅ ያይ ስለነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድረክ ላይ የምናየው ሰው የጓደኛውን ድፍረት ለብሶ ነው የሚታየው። ከ1983 በኋላ ድርሰቱ ለጆርጅ ይሁን ብለው ተስማሙ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የዜማው ጉልበት ማን ጋ እንዳለ ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለ ውሳኔ ስንት ባንድ በትኗል! እነሱን ግን አልለያያቸውም፤ ለዚህ ምስጋናው በአብዛኛው የአንድሩ ነው።

«ኬርለስ ዊስፐር» የዋም! ነው ወይስ የጆርጅ ማይክል?

ሁለቱም፤ እንደ ሸክላው አገር ይለያያል። በእንግሊዝ በ1984 የወጣው በጆርጅ ማይክል ስም ብቻ ነው፤ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። በአሜሪካ ሽፋኑ ላይ «ዋም! ከጆርጅ ማይክል ጋር» ተብሎ ወጥቶ በ1985 በፌብሩዋሪ አንደኛ ሆነ፣ የአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት ቢልቦርድም የዓመቱ ቀዳሚ ዘፈን አደረገው። «ሜክ ኢት ቢግ» በተባለው የዋም! አልበም ላይ ስላለ ግራ መጋባቱ አያስገርምም።

አሠራሩም ቀላል አልነበረም። በ1983 ጆርጅ ወደ አሜሪካ፣ አላባማ፣ መስል ሾልስ ሄዶ ከታዋቂው ፕሮዲዩሰር ጄሪ ዌክስለር ጋር ቀዳው። የተዋጣላቸው ሙዚቀኞች ተጫወቱበት፤ ጆርጅ ሲያዳምጠው ግን በናሙናው ላይ የነበረውን ስሜት አጣበት። ለንደን ተመልሶ እሱ ራሱ ፕሮዲዩሰር ሆኖ ከባዶ ጀመረ። አስቸጋሪው ክፍል ሳክስፎኑ ነበር። ብዙ ተጫዋቾች ተጠርተው ሞከሩት፤ ጆርጅ በአእምሮው የሚሰማውን ያህል እየተሳበ የሚፈስ አልሆነም። ተሳክቶለት የቀረው ስቲቭ ግሪጎሪ ነው። ሳክስፎኑ አሮጌ ስለነበር ዜማው የሚጠይቀውን ከፍተኛ ድምፅ የሚያወጣው ቁልፍ አልነበረውም። መፍትሔው እንዲህ ነበር፦ ቴፑን በግማሽ ድምፅ ያህል አዘገዩት፣ ግሪጎሪ ዝቅ ባለው ቅኝት ተጫወተ፣ ከዚያ ቴፑ ወደ መደበኛ ፍጥነቱ ተመለሰ። ዛሬ የምንሰማው ሳክስፎን ከተፈጥሮው ትንሽ የሳሳና የሚያብለጨልጭ የመሰለው በዚህ የተነሣ ነው። ዘፈኑን በሳክስፎን ለመጫወት የሚሞክሩ ሰዎች «ድምፁ አልመጣልኝም» ቢሉ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም።

«ላስት ክሪስማስ» እንዴት ተሠራ? ለምንስ 36 ዓመት አንደኛ ሳይሆን ቀረ?

የተቀዳው በ1984 ኦገስት ውስጥ ነው፣ ለንደን አድቪዥን ስቱዲዮ፣ በሙቀት ወር። መሐንዲሱ ክሪስ ፖርተር መንፈሱ እንዲመጣ ስቱዲዮውን በገና ጌጥ አስጊጦት ነበር። አንድሩን ጨምሮ ሌላ ተጫዋች አልተጠራም። ጆርጅ መጀመሪያ የሊን ከበሮ ማሽኑን ምት አስቀመጠ፤ ቀጥሎ በሮላንድ ጁኖ-60 ሲንተሳይዘር ቤዙንና ኮርዶቹን ደረበበት፤ በመጨረሻ የበረዶ ጋሪ ቃጭሎችን በእጁ አንቀጫቀጨ። ኪቦርድ በትምህርት የተማረ ሰው ስላልነበረ እየፈለገ፣ እየደጋገመ ነበር የሚጫወተው። ኮርዶቹ አራት ብቻ ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዞሩ ናቸው፤ ዘፈኑን የሚሸከመው ዜማውና የድምፁ ሐዘን ነው። ክሊፑ በስዊዘርላንድ፣ ሳስ-ፊ በምትባል የተራራ መንደር ተቀረጸ።

በዲሴምበር ሲወጣ አንደኛነቱን የያዘው ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ የተቀዳው የባንድ ኤይድ ዘፈን ነበር። ከሚሊዮን በላይ ተሸጦም 2ኛ ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ በገና ሰሞን ይመለስ እንጂ ሸክላውን አንዴ የገዛ ሰው ደግሞ አይገዛም። ነገሩን የቀየረው የእንግሊዝ ሰንጠረዥ ከ2014 ጀምሮ በኢንተርኔት ማዳመጥን መቁጠሩ ነው፤ የድሮ ዘፈን ሰው ባዳመጠው ቁጥር ነጥብ ያገኛል። በጃንዋሪ 1 ቀን 2021 በወጣው ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በ2023 እና በ2024 ደግሞ የገና ሳምንትን አንደኛነት አከታትሎ ወሰደ። ጆርጅ ግን ይህን አላየም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ግንኙነት ምንድን ነው?

በኦክቶበር 23 ቀን 1984 ማይክል በርክ ከወሎ፣ ከኮረም ያቀረበው የቢቢሲ ዘገባ መሐመድ አሚን በቀረጸው ምስል በእንግሊዝ ተላለፈ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በእንግሊዞች ሳሎን የገባው ያን ቀን ነው። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፈን ጻፉ፤ ኖቬምበር 25 ቀን በለንደን ሳርም ዌስት ስቱዲዮ የጊዜው ከዋክብት ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰብስበው ቀዱት። ከዋም! የተገኘው ጆርጅ ነው፣ ለብቻውም አንድ ስንኝ ዘፍኗል። ሸክላው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሚሊዮን፣ በዓመቱ መጨረሻ በእንግሊዝ ወደ ሦስት ሚሊዮን ተሸጠ። መንግሥት በመጀመሪያ ከሽያጩ ላይ የተጨማሪ እሴት ታክሱን አልተውም ብሎ ነበር፤ ተቃውሞው ሲበረታ እኩያውን ገንዘብ ለእርዳታው ለገሰ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ዋም! ከ«ላስት ክሪስማስ» እና በሌላው ገጹ ካለው «ኤቭሪቲንግ ሺ ዋንትስ» የሚያገኙትን ሮያሊቲ ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ ሰጡ። በዚያ ገና አንደኛውም ሁለተኛውም ሸክላ ገንዘቡ ወደ አንድ ቦታ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ጆርጅ በዚያ ሰንጠረዥ ላይ የተሸነፈው እሱ ራሱ በዘፈነበት ዘፈን ነው።

የባንድ ኤይድ ግጥም ኢትዮጵያውያንን ቅር ማሰኘቱ ተገቢ ነው። ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የተቀበለ፣ ገናን ታኅሣሥ 29 ቀን በሌሊት ማኅሌት የሚያከብር ሕዝብ ገና መድረሱን ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ፣ ዓባይ የሚፈልቅባትን አገርም ወንዝ እንደሌላት አድርጎ መሣል ስሕተት ነው። ግጥሙ የጆርጅም የአንድሩም አይደለም። የሰጡት ገንዘብ ግን የእነሱ ነው፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ይገባል።

በጁላይ 13 ቀን 1985 ዌምብሌይ ላይ በተደረገው ላይቭ ኤይድ በተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ጆርጅ ከኤልተን ጆን ጋር የኤልተንን ዘፈን ዘፈነ፤ አንድሩ ከኪኪ ዲ ጋር ሆኖ ተቀበለ።

ቻይና ለምን ሄዱ? ምን ሆነ?

በአጭሩ ለአሜሪካ ሲባል። ኔፒየር-ቤል በአሜሪካ ስታዲየም ለመሙላት ዓመታት ከመዞር ይልቅ ዓለም የሚያወራው አንድ ነገር ማድረግ ይሻላል ብሎ አሰበ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወደ ቤጂንግ እየተመላለሰ ባለሥልጣናትን ምሳ እየጋበዘ አለማመደ። በኤፕሪል 1985 በቤጂንግ የሠራተኞች ጂምናዚየም ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ፊት፣ ቀጥሎም በጓንግዦ ተጫወቱ። በቻይና በዚህ ደረጃ የቀረበ የመጀመሪያው የምዕራብ ፖፕ ቡድን ሆኑ።

ተመልካቹ እንዳይነሣ፣ እንዳይጨፍር ተነግሮት ነበር፤ ፖሊሶችም በየመተላለፊያው ቆመዋል። ጆርጅ ከመድረክ እጁን እያጨበጨበ አብራችሁኝ ሲል፣ ሕዝቡ ዘፈኑ የተወደሰ መስሎት በትሕትና አጨበጨበለት እንጂ ምቱን አልያዘም። ስለ ጉዞው በተሠራው ፊልም ላይ ይህ ቅጽበት በግልጽ ይታያል። ፊልሙን ያነሣው ሊንድሴይ አንደርሰን ሲሆን የእሱ ቅጂ ተቀባይነት አጥቶ በሌሎች እጅ እንደገና ተቆርጦ ወጣ። ዓላማው ግን ሠመረ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ስታዲየሞችን ዞሩ።

በከፍታቸው ላይ ሳሉ ለምን ተለያዩ?

ተጣልተው አይደለም። ዋም! የወጣትነት ቡድን ነው፤ ሁለቱም እስከ ሠላሳ ዓመት ድረስ ስለ ክለብና ስለ ፀሐይ መዝፈን አያምርብንም ብለው ያምኑ ነበር። ጆርጅ የሚጽፈውም ዘፈን እየከበደ መጣ፤ በ1986 ለብቻው ያወጣው «ኤ ዲፈረንት ኮርነር» ለዋም! ልክ የሚሆን አልነበረም።

መለያየቱን ያጋመው ሌላ ጉዳይ አለ። ማናጀሮቹ ድርጅታቸውን ለኩኒክ ኩባንያ ለመሸጥ ሲስማሙ፣ ኩባንያው በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ካለው የሰን ሲቲ መዝናኛ ባለቤት ጋር የጥቅም ትስስር እንዳለው ተሰማ። ያኔ ሰን ሲቲ ላይ መዝፈን ለአንድ አርቲስት ትልቅ ነውር ነበር። ጆርጅ ወዲያው ከማናጀሮቹ ጋር ተለያየ።

የመጨረሻው ኮንሰርት በጁን 28 ቀን 1986 በዌምብሌይ ስታዲየም፣ 72,000 ሰው በተገኘበት ተደረገ። ኤልተን ጆንና የዱራን ዱራን ባንድ ዘፋኝ ሳይመን ለ ቦን መድረክ ላይ ወጡ። በዚያ ሰሞን «ዚ ኤጅ ኦቭ ሄቨን» በእንግሊዝ አንደኛ ነበር። ከ«ዌክ ሚ አፕ»፣ ከ«ፍሪደም» እና ከ«አይም ዩር ማን» ጋር በቡድኑ ዘመን አራተኛው አንደኛ ማለት ነው።

መድረክ ላይ ከዋም! ጋር የሚዘፍኑትና የሚጨፍሩት ሁለቱ ሴቶች እነማን ነበሩ?

ሸርሊ ሆሊማን እና ሄለን ዲማክ፣ በመድረክ ስሟ ፔፕሲ። ከፔፕሲ በፊት ዲሲ ሊ ነበረች። ከዋም! በኋላ ፔፕሲና ሸርሊ በራሳቸው ስም ወጥተው በ1987 «ሃርትኤክ» በእንግሊዝ 2ኛ ደርሷል።

ከዚያ በኋላስ?

ጆርጅ በ1987 «ፌይዝ»ን አወጣ፤ አልበሙ የ1989ን የዓመቱ ምርጥ አልበም ግራሚ አሸነፈ። በዲሴምበር 25 ቀን 2016፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። አንድሩ በፎርሙላ ሦስት መኪና ውድድር ሞከረ፣ በ1990 አንድ አልበም አውጥቶ አልተሳካለትም፣ ከዚያም ጸጥ ያለ ኑሮን መረጠ። በ2023 ጆርጅ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ከየትኛው ልጀምር? የትኛውን ልግዛ?

አንድ አልበም ብቻ ከሆነ «ሜክ ኢት ቢግ»ን ይውሰዱ፤ ስምንት ዘፈን ብቻ ነው፣ ከእነሱም ሦስቱ በአሜሪካ አንደኛ ወጥተዋል። «ፋንታስቲክ» ወጣ ገባ ነው፣ ጥሩዎቹ በነጠላ የወጡት ናቸው።

በሸክላ የሚሰበስብ ሰው ይህን ልብ ይበል። በ1986 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው «ዘ ፋይናል» የተባለው ስብስብ ነው። አሜሪካና ጃፓን በምትኩ «ሚውዚክ ፍሮም ዚ ኤጅ ኦቭ ሄቨን»ን አገኙ፤ ስለዚህ ሁለቱን አንድ አልበም ናቸው ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ተሳስቷል። «ላስት ክሪስማስ»ም ሁለት መልክ አለው፦ አራት ደቂቃ ተኩል ገደማ የሆነው ነጠላ ዜማና ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚሄደው «ፑዲንግ ሚክስ»። «ዘ ፋይናል» ላይ ያለው ረጅሙ ነው። የመጀመሪያ የአሜሪካ ሸክላዎቻቸው ላይ ደግሞ የቡድኑ ስም «ዋም! ዩ.ኬ.» ተብሎ ታትሟል። ሐሰተኛ ቅጂ አይደለም፤ በዚያ አገር ተመሳሳይ ስም ያለው ሌላ ባንድ ስለነበረ ነው። ነጠላ ዜማዎቹን ብቻ ለሚፈልግ በ2023 የወጣው «ዘ ሲንግልስ» ይበቃል።